የበጉ ናላ ድስት ሳይገባ፦ አንጎልንና ነርቭን በእጅ እየነኩ ማስተማሪያ

መንዝ ላይ ባዮሎጂ ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት አንጎልን በጠመኔ እየሳልኩ ሦስት ሳምንት አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ስሞቹን አንድ በአንድ ሸምድደው ፈተና ላይ አሰፈሩልኝ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ፣ ትምህርት ሲዘጋ በግ ጠባቂ የሆነ አንድ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ አዙሪት የያዘው በግ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚዞረው ለምንድን ነው?» አለኝ። ሦስት ሳምንት ስለ አንጎል ሳወራ የከረምኩት ሰውዬ መልስ አልነበረኝም። ልጁ የታመመ አንጎል ምን እንደሚያደርግ ሜዳ ላይ አይቷል፤ እኔ የማውቀው ሰሌዳ ላይ ያለውን ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የማስተምረው በበግ ጭንቅላት ነው። ይህን የምጽፈው ቤተ ሙከራ ለሌለው አስተማሪ ነው፤ ቤቱ ሆኖ መሞከር የሚፈልግ ጎበዝ ተማሪም ትልቅ ሰው አጠገቡ ካለ ይጠቀምበታል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ጭንቅላቱን ማግኘት

ከሁሉ የሚመቸው ገና ነው። ታኅሣሥ 29 በየግቢው በግ ይታረዳል፤ ጾሙ ስለተፈታ ሥጋ መንካት የሚከብደው ተማሪ አይኖርም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብርዱ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ደጋ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ማቀዝቀዣ የሌለው አስተማሪ ማቀዝቀዣው ይኸው ነው። ፋሲካና አረፋም ይሆናሉ፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያላችሁ ግን ቆላው ሙቀት ስለሆነ በዚያው ቀን መሥራት አለባችሁ።

ለጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ። «እትዬ፣ ዘንድሮ ጭንቅላቱን ለውሻው አይስጡብኝ» ስል የሰፈሬ ሴቶች መጀመሪያ ሳቁብኝ፤ አሁን ራሳቸው ልጅ ልከው ያስጠሩኛል። ሁለት ጭንቅላት ካገኛችሁ ይበቃል፤ አንዱ ለልምምድ ነው፣ ይበላሻል። ከጭንቅላቱ ጋር አንድ ቁራጭ አንገትና አንድ የኋላ እግር እስከ ሰኮናው ብትለምኑ ትምህርቱ ይሞላል።

የማይነካ ጭንቅላት አለ። ሳይታረድ በራሱ የሞተ በግ አይከፈትም፤ ድንገት ወድቆ ሞቶ ከአፍንጫው ደም የወረደው አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። ባሕርዩ የተለወጠ፣ ልሐጩ የሚዝረከረክ፣ ያገኘውን የሚወጋ እንስሳም አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ መኖሪያው አንጎል ነው። አዙሪት ያለበትንም ቢሆን ተማሪ ፊት አትክፈቱ፤ በግን የሚያዞር ሌላ ተላላፊ ሕመም ስላለ፣ ከውጭ አይቶ መለየት የእንስሳት ሐኪም ሥራ ነው። በልቶ ሲዘል ያደረ፣ ጤነኛ የበዓል በግ ብቻ።

ዕቃው ይህ ነው፦ የብረት መጋዝ፣ ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ስለታም ረጅም ቢላ፣ መቀስ፣ ወረንጦ፣ ማንኪያ፣ ጓንት፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፣ ጥጥ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ 70 በመቶ አልኮል 1 ሊትር ያህል፣ ለማጠቢያ በረኪና። መጥረቢያ አላልኩም። የመጀመሪያውን በመጥረቢያ ሞክሬ አጥንቱም ናላውም አንድ ላይ ተደባልቆ ቀረብኝ።

ራስ ቅሉን መክፈት

ይህን ሥራ አስተማሪው ብቻውን፣ ከታረደ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሠራዋል። ለተማሪ የሚቀርበው የወጣው አንጎል ነው።

1. ጭንቅላቱን ግፈፉ፤ የታችኛውን መንጋጋና ምላሱን አውጡ። የመንዝ አውራ በግ ቀንዱ ጠምዛዛ ነውና ከሥሩ በመጋዝ ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ መጋዙን አያሳልፍም።

2. ጭንቅላቱን ከኋላው እዩት። አንገቱ የተለየበት ቦታ ላይ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ነጭ ገመድ የመሰለ ነገር ይታይበታል። ኅብለ ሰረሰር ወደ አንጎል የሚገባው በዚህ ነው። መጋዛችሁ የሚያልቀው እዚህ ቀዳዳ ላይ ነው።

3. ከሁለቱ ዓይን ጉድጓዶች ጥቂት ከኋላ፣ ግንባሩን ከቀኝ ወደ ግራ አግድም ቁረጡ። ከዚያ ከዚህ መስመር ሁለት ጫፎች ተነስታችሁ በጎንና በጎን፣ ከጆሮው በላይ፣ እስከ ኋላው ቀዳዳ ድረስ ውረዱ። እንደ ድስት ክዳን ማለት ነው። ግንባሩ አካባቢ አጥንቱ ድርብ ነው፣ መሀሉ አየር ያለበት ክፍት ነው፤ የመጀመሪያውን ንጣፍ ስትጨርሱ ደረስኩ ብላችሁ አትሳሳቱ። በሌላ በኩል ደግሞ መጋዙን አትጫኑት፤ ድምፁ ሲለሰልስ አቁሙ።

4. ካቻቢቴውን በስንጥቁ አስገብታችሁ በመዶሻ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ክዳኑ ጠጥ ጠጥ እያለ ይለቃል። ከሥሩ የተጣበቀ ወፍራም ነጭ ሽፋን ታገኛላችሁ፤ በመቀስ ቁረጡት። በትልቁና በትንሹ አንጎል መካከል ይኸው ሽፋን እንደ መጋረጃ ይገባል፤ እሱንም ካልቆረጣችሁት ትንሹ አንጎል ተበጥሶ ይቀራል።

5. አሁን ጭንቅላቱን ገልብጡትና የአንጎሉ ክብደት ራሱ እንዲያወርደው አድርጉ። ማንኪያውን ከፊት በኩል አስገቡ። ከአጥንቱ ጋር ያያዙት ነጫጭ ክሮች አሉ፤ አንድ በአንድ ቁረጡ። እነዚህ የራስ ነርቮች ናቸው፣ በሰውም በበግም 12 ጥንድ ናቸው። ሁለት ወፍራም ሆነው በመሀል የሚገናኙት የዓይን ናቸው። ከነሱ ጥቂት ወደ ኋላ፣ አጥንት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች ፍሬ አለች፤ ሆርሞን የምታመነጨው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። ብዙ ጊዜ ተበጥሳ አጥንቷ ላይ ትቀራለች፤ በኋላ በወረንጦ አውጧት።

6. ዕቃው ሥር ጥጥ አንጥፋችሁ አንጎሉን አስተኙትና አልኮሉን እስኪሸፍነው አፍስሱ። በማግስቱ አልኮሉን ለውጡ። አንድ ሳምንት ቢያንስ፣ ሁለት ሳምንት ቢሻል።

ትኩስ አንጎል ከእርጎ ትንሽ የጠና ነገር ነው፤ ቢላ ሲያርፍበት ይፈርሳል። አልኮሉ ውሃውን አውጥቶ ያጠነክረዋል፣ ጥቂትም ያሟሽሸዋል። ከኩራዝና ከከሰል አርቁት፣ ይቀጣጠላል። አልኮል ካጣችሁ ጨው በገባበት ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ለስለስ ባለ እሳት መቀቀል ይቻላል፤ ቅርጹ ይጠብቃል፣ የግራጫውና የነጩ ልዩነት ግን ይደበዝዛል። ውሃ ውስጥ ብቻ አታሳድሩት። እኔ አንዴ አሳድሬው ጠዋት ያገኘሁት ሾርባ ነው። ፎርማሊን አለን የሚል ትምህርት ቤት ካለ ምክሬ ተዉት ነው፤ ክፍሉ በደንብ አየር ካልተዘዋወረበት ዓይን ያቃጥላል፣ ለካንሰርም ያጋልጣል።

ሳይቆረጥ ማየት

ተማሪዎች መጀመሪያ የሚሉት «ይህቺ ብቻ ናት?» ነው። እውነትም የበግ አንጎል ከ100 እስከ 140 ግራም ይመዝናል፣ የሰው ደግሞ 1.3 እስከ 1.4 ኪሎ። አካሄዱ ግን አንድ ነው።

በመጀመሪያ ሽፋኖቹን አሳዩ፤ ሦስት ናቸው። የላይኛው ያ በመቀስ የቆረጣችሁት ጠንካራ ነው፤ የመንዝ ሰው በብርድ ከላይ የሚደርበው በርኖስ በሉት። መካከለኛው የሸረሪት ድር ይመስላል። የመጨረሻው እጅግ ስስ ነው፣ በእጥፋቱ ሁሉ እየገባ ከአንጎሉ ጋር ተጣብቋል፤ በወረንጦ ጫፍ ብትይዙት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል፣ የደም ሥሮቹም አብረው ይመጣሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ውሃ አለ። በሰው 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፣ ሁለት ሲኒ እንደማለት፤ ነገር ግን በቀን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ እየተመረተ ይተካካል። አንጎል በዚህ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ክብደቱ ወደ 50 ግራም ይወርዳል፤ ባይሆን ኖሮ በገዛ ክብደቱ ሥሩን ይጫነው ነበር። ማጅራት ገትር የእነዚህ ሽፋኖች መቆጣት ነው። ስሙን ያወጣው ሰው በደንብ አይቷል፤ ሽፋኑ እስከ ኅብለ ሰረሰር ስለሚወርድ ሲቆጣ ማጅራት ይገተራል፣ አገጭ ደረት አልነካ ይላል።

ከዚያ ከፊት ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። ከፊት ሁለት ጉልህ እብጠቶች አሉ፤ የማሽተቻ ናቸው። በሰው ትንንሽ ናቸው፤ በግ ግን ግልገሏን በማሽተት ነው የምትለየው። ያልወለደችውን ግልገል ስታላምዱ የሞተባትን ግልገል ቆዳ የምታለብሱት ይህን የአንጎሏን ክፍል ለማታለል ነው ስላቸው የገበሬ ልጆች ዓይናቸው ይበራል።

ትልቁ አንጎል፣ የተሸበሸበው ክፍል፣ ሴሬብረም ነው፤ በመሀል ለሁለት ተከፍሏል። መሸብሸቡ ለቦታ ነው፤ ሰፊ ዝተት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ለመክተት ታጥፉት የለ? የሥራ ክፍፍሉን በእጃችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ፤ ከኋላ ማየት፣ ከጎን ከጆሮ አቅራቢያ መስማት፣ ከላይ መሀል ላይ መንካትና ማዘዝ፣ ከፊት ማቀድና ራስን መግዛት። ይህ የፊተኛው በሰው እጅግ ሰፊ ነው፣ በበግ ግን ጠባብ።

ከኋላው እንደ ጎመን ጥፍጥፍ ያለችው ትንሿ አንጎል፣ ሴሬቤለም ናት። እንቅስቃሴ ከሷ አይጀምርም፤ ታስተካክለዋለች እንጂ። አረቄ የቀማመሰ ሰው እግሩ የሚጣላው ይቺ ክፍል በአልኮል ቶሎ ስለምትታወክ ነው። ከሥሯ የአንጎል ግንድ አለ፣ ጫፉ ሜዱላ ይባላል፤ ትንፋሽን፣ የልብ ምትን፣ መዋጥንና ማስመለስን ይመራል። ማጅራቱን የተመታ እንስሳ ባለበት የሚቀረውም ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስተካክሉላቸው፦ በበግ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በአንድ መስመር ተዘርግተዋል፣ ሰው ግን ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አንጎሉ በግንዱ ላይ ወደ ፊት ታጥፏል፤ ስለዚህ በበግ ከኋላ ያለችው ሴሬቤለም በሰው ከሥር ናት።

ቢላው

ረጅሙን ቢላ በአልኮል አርጥቡና በሁለቱ ክፍሎች መካከል አንድ ጊዜ ብቻ ሳቡት። መጋዝ መጋዝ አታድርጉ። አንጎሉ ለሁለት ሲከፈት ዝምታ ይወርዳል፤ እኔ ይህችን ጊዜ እወዳታለሁ፣ ምንም አልናገርም።

መሀል ላይ ቀስት የመሰለ ነጭ መቀነት አለ። ግራና ቀኙን የሚያገናኘው ድልድይ እሱ ነው። ከሥሩ ባዶ ክፍል አለ፣ ያ ውሃ የሚመነጭበት። ከዚያ በታች ክብ ያለው ታላመስ ነው፤ ከሽታ በስተቀር የስሜት መልእክት ሁሉ ወደ ላይ ሲወጣ እዚህ ያርፋል። ከሥሩ ሃይፖታላመስ አለ፤ ረሃብን፣ ጥማትንና የሰውነት ሙቀትን ይቆጣጠራል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥርሳችሁን የሚያንገጫግጨው እሱ ነው፤ ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ እንዳይወርድ ጡንቻችሁን እያሠራ ነው። ከኋላ ምስር የምታህል ፍሬ ታያላችሁ፣ ጨለማ ሲሆን እንቅልፍን የሚጠራውን ሜላቶኒን የምትለቅ ናት። ሴሬቤለሙ ሲከፈት ደግሞ ውስጡ ነጭ ዛፍ አለ፣ የጽድ ቅርንጫፍ የመሰለ። የጥንት ሐኪሞች በላቲን «የሕይወት ዛፍ» ብለውታል።

አሁን አንዱን ግማሽ አግድም ቁረጡ። ዳሩ ግራጫ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ግራጫው የነርቭ ሕዋሳት አካል የተከማቸበት ነው፤ ነጩ ከነሱ የሚወጣው ሽቦ፣ ማየሊን በሚባል ስብ ተሸፍኖ። በሰው አንጎል ውስጥ 86 ቢሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋስ አለ። ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ጉልበቱን 20 በመቶ የሚበላው ይህ ነው፤ ቁርስ ሳይበላ የመጣ ተማሪ ለምን እንደሚያፈዝ ለማስረዳት ይጠቅማል።

አዙሪት

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። አዙሪት የውሻ ኮሶ እጭ ነው። ኮሶው የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው፤ ዕንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይቀራል፤ በጉ ይበላዋል፤ እጩ በደም ተጉዞ አንጎል ላይ ያርፍና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። በወራት ውስጥ አድጎ አንጎሉን ይጫናል፤ ከላዩ ያለው አጥንት ሳይቀር ይሳሳል፣ በጣት ሲጫኑት ልል ይላል።

በጉ ብዙውን ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው። የሚታወረው ግን በተቃራኒው ዓይን ነው። እንዴት? አንጎሉን ገልብጣችሁ ከግንዱ ፊት ለፊት ሁለቱ የዓይን ነርቮች የተገናኙበትን መስቀል አሳዩ። የግራ ዓይን ሽቦ አብዛኛው ተሻግሮ ወደ ቀኝ አንጎል ይሄዳል። በሰው ግማሹ ብቻ ይሻገራል፣ ዓይናችን ሁለቱም ፊት ለፊት ስለሚያይ። የእጅና የእግር ማዘዣም በሰው ሜዱላ ላይ ይሻገራል፤ ግራ አንጎሉን ስትሮክ የመታው ሰው ቀኝ እጁ የሚዝለው ለዚህ ነው። ከረጢቱ ሴሬቤለም ላይ ካረፈ ደግሞ በጉ መዞሩን ትቶ ይንገዳገዳል፣ እግሩን ያለ ልክ ያነሳል።

ስለዚህ የመንዝ እረኛ ሳያውቀው የነርቭ ሐኪም ነው፤ በጉ ምን እንዳጣ አይቶ ከረጢቱ የት እንዳለ ይገምታል። የሳይንሱም መንገድ ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ፖል ብሮካ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የሚነገረውን ሁሉ እየሰማ «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል ሰው አጋጠመው፤ ሰውየው ሲሞት አንጎሉ ቢታይ ግራው ፊት ተጎድቶ ተገኘ። የንግግር ቦታ የታወቀው እንዲህ ነው። «ናላዬን አዞረኝ» ስንልስ ከየት አምጥተነው ይሆን?

አንገቱና እግሩ

የአንገቱን አጥንት በመጋዝ አግድም ቁረጡና ቁራጩን እዩ። መሀሉ ላይ ኅብለ ሰረሰር አለ። እዚህ ቀለሙ ተገልብጧል፤ ነጩ ውጭ፣ ግራጫው ውስጥ፣ ቢራቢሮ የመሰለ። በቢራቢሮው የኋላ ክንፍ ስሜት ይገባል፣ በፊት ክንፉ ትእዛዝ ይወጣል። በሰው ከዚህ 31 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። ገመዱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፣ ወገብ ሳይጨርስ ያልቃል፤ ከዚያ በታች ያሉት ነርቮች ብቻ ናቸው። ሐኪም ለማጅራት ገትር ምርመራ የጀርባ ውሃ ሲቀዳ መርፌውን የሚያስገባው ገመዱ ካለቀበት በታች ነው። «ውሃው ከተቀዳ ሽባ ይሆናል» እየተባለ ልጅ ይዞ ከሆስፒታል የሚጠፋ ቤተሰብ አይቻለሁ፤ ይህን ቁራጭ አጥንት ያየ ተማሪ ቤቱ ሄዶ ያስረዳል።

እግሩ ደግሞ በአማርኛ የምንደባልቃቸውን ሁለት ነገሮች ይለያል፦ ጅማትና ነርቭ። ከጉልበት በታች ቆዳውን ከፍታችሁ የሚያብለጨልጨውን ጠንካራ ነጭ ገመድ ሳቡ፤ ሰኮናው ይንቀሳቀሳል። እሱ ጅማት ነው፣ ጡንቻን ከአጥንት ያስራል። አሁን ታፋው ውስጥ በጡንቻዎች መካከል የሚያልፈውን ጠፍጣፋ፣ ለስላሳ ነጭ ገመድ ፈልጋችሁ ሳቡ። ምንም አይንቀሳቀስም። እሱ ነርቭ ነው፤ ሥራው መልእክት ማድረስ እንጂ መጎተት አይደለም። ወጌሻ «ነርቭህ ዞሯል» ብሎ ሲያሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ጡንቻና ጅማት ነው። በምላጭ ጫፉን ብትከፍቱት ውስጡ ብዙ ክር ነው፤ በሰው አንዱ ክር ከወገብ እስከ እግር ጣት 1 ሜትር ያህል ይረዝማል፣ የአንድ ሕዋስ አካል ሆኖ።

በራሳችሁ ገላ ላይ

እዚህ ደም የለም፣ ተማሪ ሁሉ ይሠራዋል።

ጉልበት፦ አንዱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያንጠልጥል። ከጉልበቱ ሎሚ ሥር ያለውን ጅማት በመዳፋችሁ ጠርዝ መታ አድርጉ። እግሩ ይፈናጠራል። መልእክቱ ከታፋ ጡንቻ ወደ ኅብለ ሰረሰር ሄዶ እዚያው ይመለሳል፤ አንጎል ወሬውን የሚሰማው በኋላ ነው። አልፈናጠር ካለ የሁለት እጁን ጣቶች አቆላልፎ በኃይል እንዲጎትት አድርጉና ድገሙት።

ይህን ሙከራ ከጓያ ለይቼ አላስተምረውም። ሞረትና ጅሩ ላይ፣ እነዋሪ አካባቢ ያለው ጥቁር አፈር ጓያ ያበቅላል፤ በችግር ዘመን ለወራት ጓያን ዋና ምግቡ ያደረገ ሰው እግሩ ይተሳሰራል። ውስጡ ያለው መርዝ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ታች ኅብለ ሰረሰር የሚወርዱትን ረጃጅም የማዘዣ ነርቮች ነው። ስሜቱ አለ፣ እጁና ንግግሩም በአብዛኛው ደህና ነው፤ እግሩ ግን ደርቆ በጣቱ እየረገጠ እንደ መቀስ ይጠላለፋል። ጉልበቱ ሲመታ የሚፈናጠረውም ከጤነኛው በላይ ነው፤ ከላይ ሆኖ «ረጋ በል» የሚለው ትእዛዝ ተቋርጧልና። አንዴ ከያዘ አይድንም። መዘፍዘፍና የዘፈዘፉበትን ውሃ መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል፣ ከጤፍና ከስንዴ ጋር እያደባለቁ መብላት ደግሞ ይበልጣል።

ማስመሪያ፦ ጓደኛ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ ከላይ ይያዝ፣ እናንተ ዜሮው ላይ ጣታችሁን ክፍት አድርጋችሁ ጠብቁ፣ ሳይነግራችሁ ይልቀቀው። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከያዛችሁ 0.14 ሰከንድ፣ 20 ላይ 0.20፣ 30 ላይ 0.25 ፈጅቶባችኋል። አሥር ጊዜ ሞክሩና አማካዩን ውሰዱ። ከዚያ ዓይን ጨፍናችሁ፣ ማስመሪያው ሲለቀቅ በሌላ እጁ ትከሻችሁን መታ እንዲያደርግ ጠይቁ፤ ከማየት ይልቅ መነካት ጥቂት ይፈጥናል።

ወረንጦ፦ ሁለቱን ጫፎች በልዩ ልዩ ስፋት ከፍታችሁ የጨፈነ ሰው ቆዳ ላይ አሳርፉ፤ «አንድ ነው ሁለት?» በሉት። የጣት ጫፍ 2 እና 3 ሚሊ ሜትርን ይለያል፣ ጀርባ ላይ ግን 4 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ አንድ ይለዋል።

ክርናችሁ ጠርዝ ሲመታ እስከ ትንሿ ጣት የሚነዝራችሁ ነርቭ በቆዳ ሥር ራቁቱን ስለሚያልፍ ነው። ጨለማ ውስጥ የእግር ጣት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ደግሞ መመታቱን ወዲያው ታውቃላችሁ፣ የሚያንገበግበው ሕመም ቆየት ብሎ ይመጣል፤ በማየሊን የተሸፈነው ፈጣኑ ነርቭ በሰከንድ እስከ 120 ሜትር ይሄዳል፣ ያንገበገበውን የሚያደርሰው ባዶው ክር 1 ሜትር ገደማ።

ከተማሪዎቹ አንዱ ስለሚጥል በሽታ መጠየቁ አይቀርም። የአንጎል ሕዋሳት ያለ ሥርዓት በአንድ ጊዜ ሲተኩሱ የሚመጣ ነው፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ክብሪት ማሽተት አያስቆመውም። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሐኪም ውሰዱ። ጠበል የሚሄድ ሰው ክኒኑን ይዞ ይሂድ፣ ሳያቋርጥ።

ሲያልቅ

ጠረጴዛውንና ዕቃውን በበረኪና፣ እጅን በሳሙና። አልኮል የነካው አንጎል አይበላም፤ ይህን የምጽፈው የጠየቀኝ ስላለ ነው። የተረፈውን ሁሉ፣ በተለይ ጭንቅላቱን፣ ለውሻ አትስጡ። በአንዱ በግ ውስጥ ሳታዩት የቀረ ከረጢት ቢኖር ውሻው ይበላዋል፣ ኮሶውም ይቀጥላል። የራሳችሁን ውሻ የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው የኮሶ መድኃኒት፣ በፕራዚኳንቴል፣ በየጊዜው አሽሩት። ቅሪቱን አቃጥሉ፤ እንጨት ከጠፋ ግማሽ ሜትር እንኳ አይበቃም፣ ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩና ከላዩ ድንጋይ ጫኑበት። እኔ የመጀመሪያ ዓመት ሳልጭንበት ሄጄ በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ውሻ ጭንቅላቱን በአፉ ይዞ ሰልፍ መሀል ገባ።